ከቴሌቪዥኑ ስር የተሰየመው ችሎት

ሰው ገድዬ አላውቅም። አንድ ጊዜ ግን፣ በሳዑዲዋ ጂዛን ውስጥ፣ በአንዲት ቃል ልገድል ነበር፤ ቃሏም ከአፌ ወጥታ ነበር። ይህን ለሰው ሳወራ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይስቃል፤ ምክንያቱም ነገሩ የሚጀምረው ከተከታታይ ድራማ ነው። "ድራማ አይተህ ነው እንግዲህ ሕይወትህ የተለወጠው?" ይሉኛል። አዎ፣ ድራማ አይቼ ነው። እናንተም ሳቁና ሲወጣላችሁ ስሙኝ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። እንድሪስ እባላለሁ፣ የባቲ ልጅ ነኝ። ልጅ ሆኜ ቁርኣን ቤት ብዙ ዓመት ስለተቀመጥኩ የዐረብኛ ጽሑፍ ሳነብ ዓይኔ አይደናቀፍም፤ ከዚያ ውጪ ይሄ ነው የሚባል ሙያ አልነበረኝም። ከአክስቴ ልጅ ከሰይድ ጋር ባሕሩን ተሻግረን የመን ስንገባ አገሩ በጦርነት ይነድ ነበር። "ጦርነት ባለበት አገር ማን ድንበር ይጠብቃል፣ ሹልክ ብላችሁ ሳዑዲ ናችሁ" ብሎ የመከረን ደላላ ነበር። እኛም አመንነው። ጅሎች ብትሉን አልቀየምም።

ደላሎቹ ሆሽ የሚሉት ግቢ አላቸው። ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ መሬት ነው። ሰው እዚያ ይታጎርና ቤተሰቡ ገንዘብ እስኪልክ ይደበደባል፤ ጩኸቱን በስልክ ለእናቱ ያሰሟታል። እኔን አባቴ በሬዎቹን ሸጦ አስለቀቀኝ። አክስቴ ዘሃራ ግን የምትሸጠው አልነበራትም። ሰይድን እዚያው ትቼው ወጣሁ። "ሠርቼ አስለቅቅሃለሁ፣ አብሽር" አልኩት። የቆርቆሮው ጥላ ስር እንደተቀመጠ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ተራራውን አቋርጬ ከድንበሩ ወዲህ፣ ሳዑዲ ውስጥ፣ አል-ዓሪዳ ደረስኩና ለአንድ ከፊል፣ ማለት ለአገሬው አሠሪ፣ ፍየል መጠበቅ ጀመርኩ። ከወዲያ ማዶ መድፍ ያጓራል፣ በላያችን አውሮፕላን ያልፋል፤ ፍየሎቹ ለምደውት ቀና እንኳ አይሉም። አራተኛው ወር ላይ ከዚያው ሆሽ ያመለጠ አንድ ሰው አገኘሁ። "ሰይድ ሞቷል" አለኝ። ሁሴን የሚባለው በውሃ ጎማ ሲመታው ዋለ፣ በሦስተኛው ቀን አለፈ። የት እንደተቀበረ ግን ሰውየው አላየም።

ሁሴንን አውቀዋለሁ። እሱም እንደኛው የታጎረ የወሎ ልጅ ነበር። የሚከፍልለት ዘመድ ሲጠፋ ደላሎቹ ጎማውን አስያዙትና "አንተ ምታልን፣ ዕዳህ በዚያ ይውረድ" አሉት። እኔ ስወጣ ጎማውን ከያዘ ገና ሳምንቱ ነበር።

ለአክስቴ መርዶውን አልነገርኳትም። በደወልኩ ቁጥር "ሰይዴ ደህና ነው?" ትለኛለች፤ እኔም "ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ነው የሚሠራው" እላታለሁ። ፈሪ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ መርዶ ምስክር ይፈልጋል። ማን አጠበው፣ ማን ሰገደበት፣ የት አረፈ ተብሎ ይጠየቃል። የዚህ መልስ የሌላት እናት ለቅሶ ብትቀመጥም ልቧ አይቀመጥም፤ በር በር ስታይ ትኖራለች። እኔ ደግሞ በእጄ የነበረው የገዳዩ ስም ብቻ ነው።

ከዚያ ተያዝኩ። ከአቡ ዓሪሽ ወደ ሳብያ ለቀን ሥራ በፒክአፕ ተጭነን ስንሄድ ፍተሻ ላይ አስወረዱን፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለን ሁሉ ጂዛን አጠገብ ወዳለ አንድ ማቆያ ተወሰድን፣ ወደ አገር እስክንጠረዝ።

የተኛንበትን አዳራሽ ዐንበር ነው የሚሉት። ጎን ለጎን ተደርድረን ስለምንተኛ አንዱ ሲገላበጥ ረድፉ ሁሉ ይገላበጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የወሎውም የትግራዩም የአርሲውም አንድ ላይ ነን። ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ቴሌቪዥን ነበር። "እሱም እንደኛው ታስሯል" እንል ነበር። ሪሞቱ ያለው ከበሩ ውጪ በሚቆመው ዐስከሪ እጅ ነው፤ ወጣት ወታደር ነው፣ ቃል አያበዛም። በየቀኑ ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ድራማ ይከፍትና ራሱም በሩን ተደግፎ ያያል።

ድራማው የፈረንጅ ነው። ንግግሩ ለማናችንም አይገባም፣ ከስር ግን በዐረብኛ ይጻፋል። ጓደኞቼ የሥራ ዐረብኛ ያውቃሉ፤ አምጣ፣ ውሰድ፣ ያላ፣ ኸላስ። ማንበብ ላይ ሲደርስ ግን የለም። ሸህ ይማም የሚባሉ የከሚሴ ሰው ነበሩ፤ የጠፋ ልጃቸውን ፍለጋ በስተርጅና የወጡ። እሳቸው ከእኔ አስበልጠው ያነባሉ፤ ምን ዋጋ አለው፣ መነጽራቸው ተራራው ላይ ተሰብሮባቸዋል። ስለዚህ "ምን አለ? አሁንስ ምን አለ?" እያለ ሁሉም ወደ እኔ ነው። በሁለት ቀን የዐንበሩ አፍ ሆኜ አረፍኩት። ማራገቢያው ስር ያለውን ቦታ ለቀቁልኝ። ትንሽ ሳልኮፈስም አልቀረሁም።

የድራማው ነገር እንዲህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያሸነፉት መንግሥታት የተሸነፉትን ጌቶች ይዘው ለፍርድ ያቀርባሉ። ከተማ ያስነደዱ፣ ሕዝብ በባቡር እየጫኑ ያስፈጁ ሰዎች በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል። ከእነሱ ጋር አንድ ተራ የካምፕ ዘበኛ አለ፤ ወጣት ነው፣ ምንም ሲጠይቁት "ታዝዤ ነው" ይላል። እና ሁሉም፣ ጌቶቹም ዘበኛውም፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገዋል።

"ለሚሰቀል ሰው ዘፈን ይከፍቱለታል እንዴ?" አለ ኪሮስ። ኪሮስ የመቀሌ ግንበኛ ነው፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው። ዐንበሩ በሙሉ ሳቀ።

ጽሑፉን አነበብኩና "ዘፈን አይደለም" አልኩ። "ዳኛውም ምስክሩም የሚናገረውን በገዛ ቋንቋቸው የሚነግራቸው ሰው አለ። ያቻት፣ መስታወት ቤት ውስጥ የተቀመጠችው ሴት። እሷ ስትናገር በጆሯቸው ይሰማሉ።"

ሳቁ ቆመ። ምን ልበላችሁ፣ መቶ ሰው የታጨቀበት ቤት እንዲያ ጭጭ ሲል አይቼ አላውቅም። ሸህ ይማም መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

"ሱብሃነላህ" አሉ። "ያን ሁሉ ነፍስ የፈጀ ሰው፣ የተከሰሰበት ነገር እንዲገባው ብለው ሰው ቀጠሩለት?"

"አዎ ሸህዬ። ጠበቃም አለው። የፈለገውን ሲናገር ተቀምጠው ይጽፉለታል።"

"እኔ ትናንት አሻራዬን ያደረግኩበት ወረቀት ምን እንደሚል አላውቅም" አለ ኪሮስ፣ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድራማውን እንደ ትልቅ ነገር ነው የምንጠብቀው። ሩዙን ቶሎ ቶሎ በልተን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ቦታ ቦታችንን ይዘን። ምስክር ቀርቦ ሲናገር ጌቶቹ ማዳመጫቸውን በጣታቸው ጫን ሲያደርጉ እናይና እኛም አንገታችንን እናሰግጋለን። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያ ማዳመጫ ያስለቅሰኝ ነበር። ተገርሜ ነበር፣ ሌላ ቃል የለውም። ሰው ጠላቱን አስሮ፣ ጉልበቱ በእጁ ሳለ፣ "ቆይ መጀመሪያ ይግባህ" ይላል?

በሳምንቱ አዲስ የተያዙ ሰዎች አስገቡ። ከመጨረሻ የገባው ሁሴን ነበር።

ከስቷል፣ ፂሙም አድጓል፤ ለማወቅ ግን አፍታም አልፈጀብኝም። እኔ ብቻ አይደለሁም። በዚያ ሆሽ ያለፍን ሰባት ሰዎች ነበርን፣ ኪሮስም አንዱ ነው። ኪሮስ ሸሚዙን ገልጦ ጀርባውን አዞረለት። "የእጅህን ሥራ አወቅከው?" አለው። ከዚያ ወዲያ ዱላ ሆነ።

እኔ አልመታሁትም። ለመመጻደቅ አይደለም ይህን የምለው፤ መምታት አነሰብኝ። እንዲሞት ነበር የፈለግኩት።

ሸህ ይማም መሃል ገብተው በሰውነታቸው ሸፈኑት። ዐስከሪውም በሩን በቆመጥ ሲደበድብ ሁሉም ተበተነ። ሁሴን አፍንጫውን በእጅጌው ይዞ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ሄዶ ተኮራመተ።

"አንድ ቀን ተኝቶ ይቀራል" አለኝ ኪሮስ በጆሮዬ። "አንድ ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ ይበቃል። በዚህ ሙቀት ታፍኖ ነው ይባላል፣ ኸላስ።"

እኔም "ይሁን" አልኩ።

ሸህ ይማም ሽማግሌ ቢሆኑም ጆሯቸው ቀጭን ነው። በማግስቱ ጠዋት ዐንበሩ መሃል ቆሙና "ልጆቼ" አሉ፤ "ሳምንት ሙሉ ያንን ሣጥን አፋችሁን ከፍታችሁ ስታዩ ነበር። ምኑን ነው ያያችሁት? አገር ያነደደ ሰው እንኳ ወንበር ተሰጥቶት ተጠየቀ። ፈረንጁን እንተወው። እኛ አገር አባጋር ሲቀመጥ ነፍስ ያጠፋ ሰው ሳይሰማ ይፈረድበታል? እንቀመጥ እንጂ።"

ማንም እምቢ ሊል አልቻለም። ወሎ ውስጥ አባጋር ማለት ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚዳኝ ሽማግሌ ነው፤ ሸህ ይማም በአባታቸው የዚያ ዘር ናቸው። ሦስት ዳኛ ተመረጠ፤ እሳቸው፣ አንድ ዝምተኛ የአርሲ ሰው፣ እና በልጅነቱ ዲያቆን የነበረ የራያ ሰው። ብርድ ልብስ አጥፈን ከቴሌቪዥኑ ስር አነጠፍንላቸው። ለሁሴን ባልዲ ደፍተን ወንበር አደረግንለት። ሸሁ መረቁ፣ ሙስሊሙ አሚን አለ፣ ዲያቆኑም አማተበ፣ ችሎቱ ተከፈተ። ስቄ ነበር በልቤ። ስቄ ስቄ ደግሞ አከበርኩት፤ ባልዲ ላይ የተቀመጠውን ሰው ያን ጊዜ ማንም አልነካውም።

ሰባታችን ተራ በተራ ተናገርን። ተራዬ ሲደርስ ስለ ሰይድ ተናገርኩ፤ ድምፄ ግን እንዳሰብኩት አልሆነልኝም። ሁሴን እስክንጨርስ መሬት መሬት ያያል።

"አንተስ ምን ትላለህ?" አሉት ሸሁ።

"ያሉት ሁሉ እውነት ነው" አለ። "መጀመሪያ ታዝዤ ነው የመታሁት። በኋላ ግን ሳልታዘዝም የመታሁበት ቀን አለ። የደከምኩ ከመሰላቸው ጎማውን ለሌላ ይሰጡታል፣ ያ ሌላው ደግሞ እኔን ይመታኛል ብዬ።"

"የቲቪው ዘበኛ ያለውን አይደል እንዴ የሚለው?" አለ አንዱ ከኋላ።

ክርክሩ ያኔ ጀመረ። ግማሹ ይሙት አለ፣ ግማሹ አገር ገብቶ ለመንግሥት ይሰጥ አለ፣ ሌላው ደግሞ ለየትኛው መንግሥት ብሎ ሳቀ። እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትር ሶላት ድረስ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ኪሮስ ተነሣና ከእኛ በቀር ማንም የማያስበውን ነገር አመጣ። "ነገ የድራማው የመጨረሻ ክፍል ነው። በዚያ ዘበኛ ላይ ይፈረዳል። እነዚያ ዳኞች ከእኛ ይሻላሉ፣ የተማሩ ናቸው። በእሱ ላይ የተፈረደው በዚህ ላይ ይፈረድ።"

ዕጣ እንደመጣል ያለ ነገር ነው። ግን እንደዚያ አልታየንም። ያን ችሎት እኮ ከልባችን አምነነው ነበር። ክርስቲያኑም በማርያም፣ ሙስሊሙም በአላህ እየማለ ተስማማ። ሸህ ይማም ዳር ዳር አሉ፤ በኋላ ግን ያደረ ቁጣ ይበርዳል ብለው ይመስለኛል፣ እሺ አሉ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ድራማውን ከማንም በላይ የተከታተልኩት እኔ ነኝ። ለዚያ ዘበኛ ሞት እንደማይቀርለት እርግጠኛ ነበርኩ።

በማግስቱ ምሳ የበላ ሰው የለም። ዐስር ተሰገደ። ዐስከሪው ዘገየ። መጣ ሲባል መብራት ሄደ፤ መቶ ሰው ጨለማውን ቴሌቪዥን እያየ ላቡን ጠረገ። ሁሴን ከሽንት ቤቱ ደጃፍ ሳይነቃነቅ እሱም እንደኛው ያያል። ሞቱን እንደሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ የሆነ ነገር እስኪነገረው እንደሚጠብቅ ሰው ነበር። መብራቱ ሲመጣ ዳኞቹ ገብተው እየተቀመጡ ነው።

መጀመሪያ ጌቶቹ። ዳኛው የእያንዳንዱን ጥፋት ይዘረዝራል፣ ለምን እንደዚያ እንደፈረደ ይናገራል፣ ከዚያ ፍርዱን። እኔም እንዳለ አነባለሁ። አንዱ ስቅላት። ሌላው ስቅላት። ሦስተኛው ዕድሜ ልክ። ዐንበሩ በየፍርዱ ይተነፍሳል።

ዘበኛው ተነሣ። ማዳመጫውን አስተካከለ። ዳኛው ረጅም ነገር ተናገረ፤ ጽሑፉም ከስር ተከታተለ። አነበብኩት፤ አሁን ዓይኔን ብጨፍን ይታየኛል። "የመታ እጅ ዱላ አይደለም፣ ይጠየቃል። ነገር ግን ይህ ሰው የሞቱት የተቀበሩበትን ስፍራ አንድ በአንድ ለዚህ ችሎት አሳይቷል። ያለ እሱ ዘመዶቻቸው አያገኟቸውም ነበር። ስለዚህ ሞት አይፈረድበትም። ሃያ ዓመት ይታሰር።"

"ምን አለ?" አለ ኪሮስ።

ዞር ብዬ ሁሴንን አየሁት። ሰይድ ቆርቆሮው ስር ራሱን ሲነቀንቅልኝ ታየኝ።

"ሞት" አልኩ።

ኪሮስ ቀስ ብሎ ተነሣና ብርድ ልብሱን ከወለሉ አነሣ። ሁለት ሰዎች ተከተሉት። ከመካከላቸው አንዱ ዐስከሪው እንዳያይ በሩ ላይ ሸሚዝ ለማስጣት ሄደ። ሸህ ይማም ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሁሴን አልሸሸም፤ ወዴት ይሸሻል? ከተቀመጠበት እኔን ተጣራ።

"እንድሪስ" አለኝ። "ለሌሎቹ ሁሉ ዳኛው ለምን እንደፈረደባቸው አንብበህልን ነበር። የእኔንስ ለምን አለ?"

የእኔንስ ነው ያለው። ቃል ፈለግኩ። ገድሏልና ይገደል ልበል? እንዲያ ያለ አጭር ነገር ያ ዳኛ ተናግሮ አያውቅም፤ ዐንበሩ በሙሉ ያውቀዋል። በዚህ መሃል ቴሌቪዥኑ ላይ ሜዳ መጣ። ሰዎች አካፋ ይዘው ይቆፍራሉ፤ ዘበኛው እጁ በካቴና ታስሮ በጣቱ መሬቱን ያሳያል፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ዳር ቆመዋል።

ኪሮስ ብርድ ልብሱን እንደያዘ ቀና ብሎ አየ። "ይሄ ሞት ከተፈረደበት ምን እያስቆፈሩት ነው?" አለ።

ሸህ ይማም ዓይናቸውን ገለጡ። "ቃሉን በል ልጄ" አሉኝ። "ፍርዱን ሰማን። ቃሉን።"

መቶ ሰው አፍ አፌን ያያል። ያች መስታወት ቤት ውስጥ የምትቀመጠው ሴት ትዝ አለችኝ፤ ለእነዚያ ሁሉ ነፍሰ ገዳዮች አንድ ቃል ሳትቀንስ ስትተረጉም የከረመችው። እሷም የተገደለባት ወንድም ይኖራት ይሆናል እኮ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ዋሸሁ" አልኩ። "ሞት አላለም። የተቀበሩበትን ስላሳየ አይገደልም ነው ያለው።" ከዚያ ያነበብኩትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው።

ኪሮስ ይመታኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። "ከእነ መሐላዬ ደም ውስጥ ልታስገባኝ ነበር" ብቻ አለኝ።

ሸህ ይማም ተነሥተው ወደ ሁሴን ሄዱ። በሁለቱ ቀን ችሎት ከእኛ አንዳችን እንኳ ያልጠየቅነውን ጠየቁት። ሁላችንም ምን አደረግክ ስንለው ነበር የከረምነው። እሳቸው "አንተስ የምታውቀው መቃብር አለ?" አሉት።

"አለ" አለ ሁሴን። "ሁሉንም የቀበርኩት እኔ ነኝ። ስማቸውንም አልረሳሁም።"

ሽማግሌው ወደ እኛ ዞሩ። "እኛ እስረኞች ነን፣ እስር ቤት የለንም፤ ሃያ ዓመት አንፈርድም። ከፍርዱ ለእኛ የሚሆነው ይሄ ነው። ይናገር፣ እንድሪስ ይጻፍ።"

በሩ ጋ ሄጄ ዐስከሪውን ቀለም፣ ማለት እስክሪብቶ ለመንኩት። ምን ልትጽፍበት አለኝ። የሞቱ ሰዎች ስም አልኩት። ቴሌቪዥኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ወረቀት ስላልነበረው የሻይ ቅጠል ካርቶን ገንጥሎ በፍርግርጉ አሾለከልኝ።

ሁሴን ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። የእገሌ ልጅ እገሌ፣ የእንትን አገር ሰው፣ ከግቢው በዚህ በኩል፣ ይህን ያህል እርምጃ። አራተኛው ስም ላይ ዳኛ የነበረው ዲያቆን "የእኅቴ ልጅ ነው" አለና ነጠላ ቢጤውን ፊቱ ላይ ሸፈነ። ሰይድ የመጨረሻው ነበር።

"ሰይድ ዓሊ፣ የባቲ" አለ ሁሴን። ፊቴን አላየም። "ከደረቀው ጉድጓድ ጎን ቁርቁራ ዛፍ አለ። እሱ ስር ነው፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሬ።"

"ማን አጠበው?" አልኩ። የአክስቴ ጥያቄ ነው፣ ከአፌ ራሱ ወጣ።

"እኔ።"

"በምን ውሃ?"

"ለቀኑ በተሰጠኝ የሚጠጣ ውሃ። እሱን ብቻ ነው ማጠብ የቻልኩት። ሌሎቹን ውሃ ስለሌለ በአፈር ነው ያበስኳቸው።"

ጻፍኩት።

እንግዲህ ይህ ነው ገጠመኜ። ይቅር ብለኸዋል ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ሰዎቹ መሃል ቦታ ተለቀቀለት፤ ማን እንደለቀቀለት አላየሁም፤ እኔ ግን አልነበርኩም። ከሦስት ቀን በኋላ ስሙ ለበረራ ተጠራ። ሲያልፍ አጠገቤ ቆመና "ለሰይድ እናት ስትነግራት ስሜን አትደብቅ" አለኝ። ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም።

ዛሬ ኮምቦልቻ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከባቲ ገበያ የለቀምኩት አፋርኛና ኦሮምኛም ስላለኝ ዳኞቹ አንዳንዴ ለማስተርጎም ይጠሩኛል። የሰው ቃል ሳስተረጉም አንዲት ነገር አልጨምርም፣ አንዲት ነገር አልቀንስም፤ የሚዋሽ መሆኑን እያወቅኩም ውሸቱን እንዳለ ነው የምናገርለት። ባለጉዳዮቼ ግትር ይሉኛል። እናንተም ምናልባት የማንም አስተርጓሚ አትሆኑ ይሆናል፤ ግን አንድ ቀን ሁለት ሰዎች መሃል ቆማችሁ አንዱ የሌላውን ቃል ከእናንተ አፍ የሚጠብቅበት ጊዜ አይጠፋም። ያኔ ባልዲ ላይ የተቀመጠውን ሰው አስቡልኝ።

አንድ የተማረ ወዳጄ ደግሞ፣ ታሪኩን ስነግረው፣ በእውነተኛው ችሎት እንዲያ ያለ ዘበኛ እንዳልነበረ፣ የድራማው ደራሲ ከራሱ የጨመረው እንደሆነ አስረዳኝ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ይብስ ይገርመኛል። በሕይወት ያልነበረ ሰው፣ ያልተቆፈረ መቃብር አሳይቶ፣ የእኛን ሙታን አስገኘልን።

አገር በገባሁ በሁለተኛው ቀን ካርቶኑን በኪሴ ይዤ አክስቴ ዘሃራ ጋ ሄድኩ። ምስር እየለቀመች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቁርቁራውን፣ ጉድጓዱን፣ ቂብላውን። አላለቀሰችም። እጇ ምስሩ ውስጥ ቆመ።

"ማን አጠበው?" አለችኝ።

መደበቅ እችል ነበር። "የመታው ሰው ነው ያጠበው፣ አክስቴ" አልኳት። "ሁሴን ይባላል። ለቀኑ በተሰጠው በሚጠጣው ውሃ።"

ዶሮዎቹ ገብተው ምስሩን ሲለቅሙ እንኳ እሽ አላለቻቸውም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ታዲያ ያን ቀን እሱ ምን ጠጣ?" አለችኝ።